የምታየኝ አምላክ፦ ስለ ኳንተም፣ ስለ ፍልስፍና እና ስለ ሕይወት ትርጉም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዚህ ሰሞን በስልክ እርስ በርስ የምትላላኩት አንድ ዓይነት ቪዲዮ በዝቷል፤ ለእኛም ደጋግሞ ደርሶናል። ድምፁ ለስለስ ያለ ነው፤ ከተናጋሪው ጀርባ ከዋክብት ይዞራሉ፤ ንግግሩም «የኳንተም ፊዚክስ አረጋግጦታል» ብሎ ይጀምራል። መልእክቱ ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ዓለም የሀሳብህ ሥራ ነው፤ ያሰብከውን ወደ አንተ ትስባለህ፤ ሀብትም ድህነትም የሀሳብህ ንዝረት ውጤት ነው፤ ስለዚህ ለሕይወትህ ትርጉም የምትፈጥርለት አንተው ነህ።

ይህን ካዩት መካከል በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እኅት ጻፈችልን። «አባቴ፣ ንጋት ላይ ተነሥቼ እኩለ ሌሊት እተኛለሁ። ዛሬ ያጠብኩትን ነገ መልሼ አጥባለሁ። ደመወዜም ተይዞብኛል። ይህን ሁሉ በሀሳቤ የሳብኩት እኔው ነኝ ማለት ነው? እንዲያ ከሆነ መኖሬስ ምን ትርጉም አለው?» ትላለች። ጥያቄው የእርሷ ብቻ እንዳልሆነ ስለምናውቅ መልሱን ለሁላችሁም ጻፍነው። ረዘም ይላል፤ በዕረፍት ሰዓታችሁ ከፋፍላችሁ አንብቡት።

❖ ፩. መጠየቅ ኃጢአት አይደለም

«የምኖረው ለምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ የእምነት ጉድለት የሚመስላቸው አሉ። ቅዱስ መጽሐፍ ግን በዚህ ጥያቄ አያፍርም። ንጉሥ ሰሎሞን ቤት ሠርቶ፣ ወይን ተክሎ፣ ወርቅ አከማችቶ ካየ በኋላ ከፀሐይ በታች የሚደክም ሰው ትርፉ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ (መክ. 1፥3)። ጻድቁ ኢዮብ በመከራው ጊዜ የተወለደባትን ቀን ረገመ (ኢዮ. 3፥1)። እግዚአብሔርም በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ተናግሮ አስተማረው፤ ገሠጸውም። ቁጣው የነደደው ግን በወዳጆቹ ላይ ነበር (ኢዮ. 42፥7)። እነዚያ ወዳጆች መከራህ የራስህ ጥፋት ውጤት ነው እያሉ ቁስሉን ሲነካኩ የሰነበቱ ናቸው።

ልጆቻችን ሆይ፣ የኢዮብ ወዳጆች ዛሬም አዲስ ልብስ ለብሰው መጥተዋል። ያን ጊዜ «በድለህ ነው» ይሉ ነበር፤ አሁን ደግሞ «አስበኸው ነው» ይላሉ። ጌታችን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲያይ ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአቱ የማን ነው ብለው ጠየቁት፤ እርሱ ግን በደሉን በሰውየውም በወላጆቹም ላይ አላደረገም (ዮሐ. 9፥3)። ስለዚህ የመጀመሪያው መልሳችን ይህ ነው፦ እኅታችን ሆይ፣ ደመወዝሽን የያዘብሽ ሰው እንጂ ሀሳብሽ አይደለም።

❖ ፪. ኳንተም ማለት ምንድን ነው?

እኛ በአብነት ትምህርት ቤት ዜማና ቅኔ፣ የመጻሕፍትንም ትርጓሜ እንጂ ፊዚክስ አልተማርንም። ስለዚህ ከጉባኤያችን መካከል በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስና ምሕንድስና የተማሩ ልጆቻችንን አስቀምጠን ጠየቅን፤ አብረናቸውም አነበብን። የተረዳነውን በአጭሩ እንንገራችሁ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኳንተም ከላቲን የመጣ ቃል ነው፤ «ምን ያህል» ማለት ነው። በ1900 ማክስ ፕላንክ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የጋለ ነገር የሚሰጠውን ብርሃን ሲያጠና፣ ኃይል እንደ ወራጅ ውሃ ሳይቆራረጥ የሚቀዳ ሳይሆን እንደ እህል በፍሬ በፍሬ የሚሰጥና የሚወሰድ አድርጎ ቢቆጥረው ስሌቱ እንደሚሠምር አገኘ። በ1905 አልበርት አይንስታይን ብርሃን ራሱ እንዲህ ባለ ጥቃቅን ድርሻ እንደሚመጣ አስረዳ። በ1925 እና በ1926 ቬርነር ሃይዘንበርግና ኤርቪን ሽሮዲንገር የዚህን የጥቃቅን ዓለም ሕግ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ በሒሳብ ጻፉት።

ይህ ዓለም ከለመድነው ይለያል። ሁለት ቀጫጭን ክፍተቶች ወዳሉት መከለያ ኤሌክትሮኖች አንድ በአንድ ቢለቀቁ፣ እያንዳንዱ ከወዲያ ማዶ ባለው ገበታ ላይ እንደ አንዲት ነጥብ ያርፋል። ነጥቦቹ ሲበዙ ግን ሁለት ጠጠሮች ኩሬ ውስጥ አብረው ሲጣሉ የውሃው ሞገዶች ተላልፈው እንደሚሠሩት ያለ መስመር መስመር ንድፍ ይወጣል። በ1989 አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ ጃፓን ውስጥ ይህን አንድ በአንድ ሲጠራቀም አሳይተዋል። ኤሌክትሮኑ በየትኛው ክፍተት እንዳለፈ የሚመዘግብ መሣሪያ ሲተከል ግን ያ ንድፍ ይጠፋል።

ይህ ሁሉ ተፈትኖ የተረጋገጠ እውቀት ነው። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች፣ ሌዘርም፣ በሆስፒታል ያለው የኤም አር አይ ምርመራም በዚሁ እውቀት ላይ የቆሙ ናቸው። ስለዚህ ሳይንሱን አናቃልልም፤ ሊቃውንቱንም አንዘልፍም። አባቶቻችን በአክሲማሮስ የስድስቱን ቀናት ፍጥረት አንድ በአንድ እየቆጠሩ ያስተማሩን ፍጥረትን መመርመር ፈጣሪን ማድነቅ ስለሆነ ነው።

❖ ፫. ሳይንሱ ያላለው

ቪዲዮዎቹ ከዚህ እውነት ተነሥተው ሳይንሱ ወዳልሄደበት ይሄዳሉ። ሦስቱን ብቻ እናንሣ።

የመጀመሪያው «ተመልካች» የሚለው ቃል ነው። «ሰው ሲያየው ነገሩ ተለወጠ፤ ስለዚህ የሰው ሀሳብ ዓለምን ይፈጥራል» ይላሉ። በፊዚክስ ግን መመልከት ማለት መለካት ነው፤ መለካት ደግሞ አንድ መሣሪያ ወይም ሌላ ነገር ከኤሌክትሮኑ ጋር መገናኘቱ ነው። መዝጋቢው መሣሪያ ካለ፣ ክፍሉ ተቆልፎ ማንም ሰው ባይኖርበትም ንድፉ ይጠፋል። በዚያ የሰው ምኞት ሥራ የለውም። ደግሞም መሣሪያው የሚያሳየው ውጤት ሊቁ እንደተመኘው አይሆንም። የኳንተም ሕግ ዕድሉን ያሰላል እንጂ የተመኙትን አይሰጥም።

ሁለተኛው የጥቃቅኑን ዓለም ሕግ እንዳለ ወደ ሰው ኑሮ ማምጣት ነው። ሃይዘንበርግ በ1927 ያስረዳው ሕግ፣ አንድ ነገር ያለበትን ቦታ አጥብቀን በወሰንን ቁጥር እንቅስቃሴው ያን ያህል ያልተወሰነ ይሆናል ይላል። ልጆቻችን ይህን በሁለት ምሳሌ አሰሉልን። ኤሌክትሮን በአቶም ስፋት ውስጥ ሲወሰን ፍጥነቱ በሰከንድ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ያልተወሰነ ይሆናል። አንዲት የጤፍ ፍሬ ግን ያለችበት ቦታ በአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ቢታወቅ፣ ይህ ሕግ የሚፈቅደው እንቅስቃሴ ሊቃውንቱ ለዓለም ዕድሜ በሚሰጡት 13.8 ቢሊዮን ዓመት ውስጥ ሁሉ እንኳ ከአንድ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ኳንተም ጤፍን እንኳ ይህን ያህል ካላንቀሳቀሰ፣ የአሠሪን ልብ ወይም የባንክ ሒሳብን በሀሳብ ያንቀሳቅሳል ማለት ከየት መጣ?

ሦስተኛው የቅንጣቶች መቆራኘት የሚባለው ነው። አብረው የተገኙ ሁለት ቅንጣቶች ተራርቀውም ሲለኩ ውጤታቸው የተያያዘ ሆኖ ይገኛል። ይህን በሙከራ ያሳዩት አለን አስፔ፣ ጆን ክላውዘርና አንቶን ሳይሊንገር በ2022 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ከዚህ ተነሥተው «ልብ ለልብ ያለ ቃል መልእክት መላክ ይቻላል፤ የሩቁን በንዝረት ማዘዝ ይቻላል» የሚሉ አሉ። ፊዚክሱ ራሱ ግን በዚህ መቆራኘት ብቻ መልእክት መላክ እንደማይቻል ያስተምራል። እናታችሁ አገር ቤት ሆና ስትታመም የሚደርስላት ጸሎታችሁና የስልክ ጥሪያችሁ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ሃይዘንበርግ የሉተራን ክርስቲያን ነበር። ሽሮዲንገር የሕንድ ሃይማኖታዊ ፍልስፍና ይስበው ነበር። ከሽሮዲንገር ጋር የ1933ን ኖቤል የተካፈለው ፖል ዲራክ በወጣትነቱ ሃይማኖትን አጥብቆ ይነቅፍ ነበር። ሦስቱም የኳንተምን ሕግ ከጻፉት ዋነኞቹ ናቸው፤ ሒሳቡም ለሦስቱ አንድ ነው። የሕይወት ትርጉም ከሒሳቡ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ሦስቱ በእርሱም በተስማሙ ነበር።

❖ ፬. ሃይማኖትን በኳንተም ለመደገፍ ለሚቸኩሉ

ከእኛ ወገን ያሉትንም ሳንመክር አናልፍም። አንዳንድ ወንድሞች በቅንነት «ኤሌክትሮን ሞገድም ቅንጣትም ነው፤ እነሆ ምሥጢረ ተዋሕዶ በሳይንስ ተረጋገጠ» ሲሉ ሰምተናል። አባቶቻችን ስለ ተዋሕዶ ሲያስተምሩ የነፍስና የሥጋን፣ የእሳትና የብረትን ምሳሌ ሰጥተዋል። ምሳሌውን የሰጡት ግን ለአእምሯችን መወጣጫ እንዲሆን ነው። ግድግዳውን በመሰላል ላይ አልሠሩትም። ሳይንስ ራሱን እያረመ የሚሄድ ትምህርት ነው፤ ያ ክብሩ ነው። ምሥጢራችንን በዛሬው ቀመር ላይ ያስደገፍን እንደሆነ፣ ነገ ቀመሩ ሲሻሻል የደካማው ወንድማችን እምነት ይናወጣል። የፊዚክስ ሊቅም ምሳሌው ከነባሩ ጋር አለመግጠሙን አይቶ ይስቅብናል፤ ወንጌሉንም ሳይሰማ ይሄዳል።

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ፍጥረት ሁሉ ለአንክሮና ለተዘክሮ ተፈጠረ ይላሉ። ይህም ለመደነቅና ፈጣሪን ለማስታወስ ማለት ነው። ኤሌክትሮንም ከዚህ አይወጣም። ተመልክተን እንደነቃለን፤ የፈጠረውንም እናስባለን። አንክሮውን ወደ አምልኮ ስንለውጠው ግን፣ ማለትም «ኃይሉን» ስንለምነው፣ «ዩኒቨርስ ይሰጠኛል» ስንል፣ ፀሐይንና ጨረቃን ካመለኩት በምን ተለየን?

❖ ፭. ፈላስፎች ምን አሉ?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው አርስጣጣሊስ አንድን ነገር ለማወቅ አራት ጥያቄ ጠይቁ ብሎ ነበር። ከምን ተሠራ? መልኩ ምንድን ነው? ማን ሠራው? ለምን ተሠራ? በምናውቀው ነገር እንየው። ከበሮ በፊታችሁ አለ እንበል። ከእንጨትና ከቆዳ ተሠራ። አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። ሠሪው ባለሙያ አለ። ቆዳው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነዝር ፊዚክስ በትክክል ይለካል። ነገር ግን ከበሮውን ቆዳውን ገፍፈን፣ እንጨቱን ፈልጠን፣ እስከ አቶሙ ብንወርድ «ለምስጋና» የሚል ቃል ተጽፎ አናገኝም። «ለምን ተሠራ?» የሚለውን የምናውቀው በማኅሌት ቆመን፣ ካህናቱ ሲመቱት ሰምተን ነው።

በዘመናችን ያሉ ፈላስፎች በዚህ በአራተኛው ጥያቄ ላይ ተለያዩ። ፈረንሳዊው ዣን ፖል ሳርትር በ1945 ባቀረበው ንግግር፣ ወረቀት የሚቆርጥ ቢላዋ ሠሪው አስቀድሞ ለምን እንደሚሠራው ያውቃል፤ ለሰው ግን እንዲህ ያሰበለት ሠሪ የለም፤ ስለዚህ ሰው ትርጉሙን ራሱ ይሥራ ብሎ ተከራከረ። አልቤር ካሙ በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ድንጋይ ወደ ተራራ ሲያወጣ፣ ድንጋዩ ሲንከባለልበት፣ እንደገና ሲያወጣ ዘላለም የሚኖረውን የግሪክ ተረት ሰው የሰው ኑሮ ምሳሌ አደረገው። ካሙን የማያውቅ ሰው ቢኖርም ድንጋዩን የማያውቅ የለም። የታጠበው ይቆሽሻል፤ የተተኮሰው ይጨማደዳል፤ ደመወዝ ተልኮ ያልቃል።

ቪክቶር ፍራንክል የተባለው የቪየና ሐኪም ደግሞ አይሁዳዊ በመሆኑ በናዚዎች ማጎሪያ ተጣለ፤ አባቱን፣ እናቱንና ሚስቱን በዚያ ዘመን አጣ። በ1946 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው ሕይወትን «ትርጉምሽ ምንድን ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ሕይወት እርሱን እየጠየቀችው እንደሆነ ያስተውል፤ መልሱንም በሚያደርገው፣ በሚወድደውና መከራን በሚቀበልበት መንገድ ይስጥ ብሎ አስተማረ። ይህ ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ደጃፋችን የቀረበ ነው። አንድ ነገር ግን ይቀረዋል፤ ጠያቂው ማን ነው? ሕይወት ራሷ አፍ የላትም። የሚጠይቅ ካለ አካል ያለው፣ የሚያውቀን፣ በስማችን የሚጠራን መሆን አለበት።

❖ ፮. ቤተ ክርስቲያን፦ ለምን ተፈጠርን?

የኔታ ገና በልጅነታችን ያስተማሩን መልስ አጭር ነው። ሰውና መላእክት ስሙን ለመቀደስ፣ ክብሩን ለመውረስ ተፈጠሩ። እግዚአብሔር ጎድሎበት አልፈጠረንም፤ አገልጋይ ፈልጎም አይደለም። ቸርነቱ ፈቅዶ እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ፣ ካለመኖር ወደ መኖር አመጣን። ሥጋችን ከአራቱ ባሕርያት ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት ነው፤ ነፍሳችን ደግሞ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ናት፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ትኖራለች። ለዚህ ነው ከበሮ «ለምን ተሠራሁ?» ብሎ የማይጠይቀው፤ ሰው ግን የሚጠይቀው። ጥያቄው ራሱ የመልኩ ምስክር ነው።

«ይህን እናውቀዋለን፤ ግን ማጀት ውስጥ ሆኜ ክብር የቱ ነው?» ትሉን ይሆናል። ስለዚህ አጋርን እናስታውሳችሁ።

አጋር ግብፃዊት ናት፤ በባዕድ ቤት ታገለግል ነበር። ስለ ሰውነቷ ሌሎች ወሰኑ፤ ፀነሰችም። ከዚያ በኋላ እመቤቷን ናቀች፤ እመቤቷም አስጨነቀቻት፤ እርሷም ወደ ምድረ በዳ ሸሸች (ዘፍ. 16)። እስከዚያ ድረስ አብራምም ሦራም በንግግራቸው «አገልጋይ» ይሏታል እንጂ በስሟ ሲጠሯት አንሰማም። በስሟ የጠራት በሱር መንገድ በውሃ ምንጭ አጠገብ ያገኛት መልአከ እግዚአብሔር ነው። ከወዴት እንደመጣች፣ ወዴትም እንደምትሄድ ጠየቃት። እነሆ የፈላስፎቹ ጥያቄ! የጠየቃት ግን መጽሐፍ ያነበበች ሊቅ ስለሆነች አይደለም፤ ያለቀሰች አገልጋይ ናት። እርሷም ለእግዚአብሔር ስም አወጣችለት፤ የሚያየኝ አምላክ ብላ ጠራችው (ዘፍ. 16፥13)።

አሁን ሁለቱን አነጻጽሩ። ቪዲዮው «አንቺ ስታዪው ዓለም ይፈጠራል» ይላል። አጋር ደግሞ «እርሱ ስላየኝ እኔ አለሁ» ትላለች። በመጀመሪያው መንገድ ዓይንሽ በደከመ ቀን፣ ሀሳብሽ በጨለመ ቀን፣ ትርጉምሽም አብሮ ይጨልማል። በሁለተኛው መንገድ ግን አንቺ ተኝተሽ ሳለ እንኳ የሚያይሽ አይተኛም። ጌታችንም ሁለት ድንቢጦች በአንድ ትንሽ ገንዘብ እንደሚሸጡ፣ አንዷም ያለ አባታችሁ ፈቃድ እንደማትወድቅ፣ የራሳችሁም ፀጉር የተቆጠረ እንደሆነ ነገረን (ማቴ. 10፥29-31)። የሕይወታችን ትርጉም ከእኛ ማየት አይጀምርም፤ ከመታየታችን ይጀምራል።

የሚያይ አምላክ ደግሞ ከላይ ሆኖ ተመልክቶ ዝም አላለም። ወረደ፤ የአገልጋይን መልክ ያዘ (ፊል. 2፥7)። ወገቡን ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ (ዮሐ. 13)። እኅታችን ሆይ፣ በእጅሽ ያለው የመታጠቢያ ውሃ በእርሱም እጅ ነበረ። ካሙ ድንጋዩን ሲያይ መጨረሻ አጣለት። እኛ ግን የመቃብሩን ድንጋይ ተንከባልሎ አየነው፤ በትንሣኤውም የቀደመው ድካም ሁሉ መጨረሻ አገኘ።

❖ ፯. እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በደልን በደል እንበለው። መልአኩ አጋርን ወደ እመቤቷ እንድትመለስ ማዘዙን ይዘው፣ ለተበደለች ሁሉ «ዝም ብለሽ ቻዪ» የሚሉ አሉ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። በምዕራፍ 21 ዳግመኛ በምድረ በዳ ስትቅበዘበዝ እግዚአብሔር ዓይኗን ከፈተላት፤ የውሃ ጉድጓድ አየች፤ በዚያን ጊዜ ተመለሺ አላላትም። የተያዘ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ሐዋርያው ያዕቆብ ጽፏል (ያዕ. 5፥4)። ስለዚህ ደመወዙ የተያዘበት፣ የተደበደበ ወይም የተዋረደ ሰው ለእኛም፣ ለቆንስላም፣ በሕግ ለሚመለከተውም መናገሩ ትዕግሥት ማጣት አይደለም። የውሉን ወረቀትና የተከፈላችሁበትን ቀን መዝግባችሁ ያዙ።

ሁለተኛ፣ ሥራችሁን ለሚያያችሁ አቅርቡት። ቅዱስ ጳውሎስ በሰው ቤት ለሚያገለግሉት ሲጽፍ ሥራቸውን ለጌታ እንደሚያደርጉት አድርገው እንዲሠሩት፣ ርስቱንም ከእርሱ እንደሚቀበሉ ነገራቸው (ቆላ. 3፥23-24)። ዮሴፍ ተሽጦ በጲጥፋራ ቤት ሲያገለግል እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር ነበረ (ዘፍ. 39፥2)። መሸጡ መልካም ስለነበረ አይደለም፤ ክፉውን ወደ መልካም የሚለውጥ አብሮት ስለነበረ ነው። ብረት ድስቱን ስታነሡ፣ ሕፃኑን ስታስተኙ፣ መሪውን ስትይዙ አንዲት አጭር «አቤቱ ማረኝ» በቂ ናት። ቤተ ክርስቲያን መምጣት የማትችሉ፣ ያቺ ጸሎት የእናንተ ማኅሌት ናት።

ሦስተኛ፣ የምትሰሙትን መርምሩ። አንድ ተናጋሪ «ሳይንስ አረጋገጠ» ሲላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ማን ለካው? ምን ለካ? ከዚያ ልኬት ተነሥቶ እስከዚህ ድምዳሜ በምን ድልድይ ተሻገረ? ከዚያም ለሥልጠናው ገንዘብ የሚጠይቅ እንደሆነ በላባችሁ ያገኛችሁትን ገንዘብ አትላኩለት።

አራተኛ፣ ሀሳቡ ከብዶ «መኖር አልፈልግም» እስከማለት የደረሰ ሰው ካለ ብቻውን አይሁን። በዚያው ሰዓት ለጓደኛው፣ ለንስሐ አባቱ ወይም ለእኛ ይናገር፤ ሌሊትም ቢሆን ይደውል። ሐኪም ማየትም እምነት ማነስ አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ ነፍሴን ውሰድ ብሎ በምድረ በዳ ሲተኛ እግዚአብሔር አስቀድሞ የላከለት እንጎቻና ውሃ ነበር፤ አበላው፣ አስተኛው፣ ደግሞም አበላው (1ኛ ነገ. 19)። ቃሉን የነገረው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም የደከመች እኅታችሁን ስታገኙ አስቀድማችሁ አብልታችሁ አሳርፏት፤ ምክሩ ይደርሳል።

❖ ለመወያያ

፩. ኢዮብን የወቀሱት ወዳጆቹ ከዛሬው «ሀሳብህ ሳበው» ትምህርት ጋር በምን ይመሳሰላሉ?

፪. ፍጥረትን ለአንክሮ ማየትና ፍጥረትን ማምለክ የሚለያዩት የት ላይ ነው?

፫. በዚህ ሳምንት ማንም በስሟ የማይጠራት አንዲት እኅት ታውቃላችሁ? በስሟ ጠርታችሁ ከወዴት እንደመጣች ጠይቋት፤ መልሷንም ቁጭ ብላችሁ ስሙ።

አጋርን በምድረ በዳ ያያት አምላክ በያላችሁበት ይያችሁ፤ በስማችሁ ይጥራችሁ። በስደት ያላችሁትን በሰላም ለአገራችሁና ለወገኖቻችሁ ያብቃችሁ፤ ሁላችንንም ክብሩን ለመውረስ ያድርሰን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳኑ ሁሉ ጸሎት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።